ጫሞ ላይ የተገለበጠን ጀልባ ማን ያመጣዋል?

እንደሚታወቀው የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የሚመረጥበት ሰሞን ሲደርስ በክፍላችን የሪሞት ጀልባ ነገር ሳይነሳ አይቀርም። ሁለት ሐይቅ ከአጠገባችን ተኝቶ ሌላ ምን ሊነሳ ኖሯል! ታዲያ ወሬው ሲጀመር የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ስንት ኬቪ ሞተር እናድርግለት?" ቀጥሎ "ባትሪውስ ስንት ሴል?" ይመጣል። የጀልባው ቀፎ፣ ክፍል ውስጥ "ሃል" የምንለው ማለቴ ነው፣ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ግን ገንዘቡ ካለቀ በኋላ የሚታሰብ ነገር ሆኗል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ቅደም ተከተል ነው። በእኔ እምነት አርባ ምንጭ ላይ ፈጣን ጀልባ ለመሥራት የሚነሳ ተማሪ "ስንት ይሮጣል?" ከማለቱ በፊት "ሲገለበጥ ማን ያመጣዋል?" ብሎ መጠየቅ አለበት።

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ስለ ሪሞት ጀልባ የሚጻፈው ምክር በአብዛኛው ለረጋ ኩሬ የታሰበ ነው። እዚያ ጀልባው መሐል ላይ ቢቆም ባለቤቱ ሱሪውን ሰብስቦ ይገባል፣ ጠለቅ ካለም ዋኝቶ ያወጣዋል። እኛ ጋ ጫሞ ነው። ለእንግዳ "አዞ ገበያ" እያልን የምናሳየው ሐይቅ ውስጥ ለ60 ሳ.ሜ. ፕላስቲክ ብሎ የሚገባ ጤነኛ ሰው የለም፤ ልግባ የሚል ጓደኛ ካለም ይዞ ማስቀረት ነው። አባያም ያው ነው፤ አዞውም ጉማሬውም አለ። ጀልባ ተከራይቶ ማስመጣት ይቻላል ትሉ ይሆናል። ይቻላል። ግን ኪራዩን ተደራድራችሁ እስክትነሱ ነፋሱ የእናንተን ጀልባ ወደ ወዲያኛው ዳር ይዞት ሄዷል። ሞተሩ፣ ባትሪውና የፍጥነት መቆጣጠሪያው ደግሞ ከውጭ የሚመጡ ዕቃዎች ናቸው። ስንቶቻችን በዘመድ አስለምነን፣ ስንት ወር ጠብቀን እንደምናገኛቸው ይታወቃል። ግንቦት ላይ ሐይቁ የወሰደውን ለሰኔ የሚተካ የለም።

እስቲ ከመጠን እንጀምር፤ ምክንያቱም ብዙ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ፍሩድ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ ትናንሽ ሞዴሎችን ውኃ ላይ እየጎተተ ያሳየው ነገር አለ። የጀልባ ርዝመት 10 እጥፍ ሲያድግ ተመጣጣኙ ፍጥነት 10 እጥፍ አያድግም፤ በ10 ስኩዌር ሩት ማለትም 3.16 እጥፍ ብቻ ነው የሚያድገው። ስለዚህ 60 ሳ.ሜ. ርዝመት ኖሮት በሰዓት 40 ኪ.ሜ. የሚሮጥ ሞዴል፣ 6 ሜትር ሆኖ በሰዓት 126 ኪ.ሜ. እንደሚበር ጀልባ ነው የሚቆጠረው። ጫሞ ላይ ጎብኚ የሚያመላልስ ጀልባ በዚህ ፍጥነት ሲሄድ አስቡት! ማዕበሉ ግን ለኛ ብሎ አያንስም። 10 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው ሞገድ ለዓሣ አጥማጁ ከቁም ነገር አይገባም፤ ለኛ ሞዴል ግን ባለ 6 ሜትሩን ጀልባ 1 ሜትር ሞገድ እንደሚያንገላታው ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ 10 ሳ.ሜ. ሞገድ ብርቅ አይደለም።

እኚሁ ፍሩድ "ስዋን" እና "ሬቨን" ያሏቸው ሁለት ዓይነት ሞዴሎች ነበሯቸው። አንደኛው አፍንጫው የሾለ፣ ሌላኛው ደንበር ያለ ድቡልቡል። በዝግታ ሲጎተቱ የሾለው ቀለለ፤ ፍጥነቱ ሲጨመር ድቡልቡሉ በለጠ። እንግዲህ "ምርጡ ቀፎ የቱ ነው?" ብሎ በደፈናው መጠየቅ ያኔም መልስ አልነበረውም፣ ዛሬም የለውም። በስንት ፍጥነት? ምን ዓይነት ውኃ ላይ? ምን ተሸክሞ? ብሎ ነው መጠየቅ።

ከኛ ሞዴል አንጻር ነገሩ ወዲህ ነው። 60 ሳ.ሜ. የሆነ ቀፎ በሰዓት እስከ 3.5 ኪ.ሜ. ገደማ ውኃውን እየገፋ ነው የሚሄደው። ከዚያ በላይ ራሱ የፈጠረውን ሞገድ እንደ ዳገት ይወጣል፤ ሞተሩ ያጓራል፣ ጀልባው ግን እምብዛም አይጨምርም። በሰዓት 9 ኪ.ሜ. አካባቢ ሲደርስ ከውኃው ላይ ተነስቶ መንሸራተት ይጀምራል። "ፈጣን ጀልባ" የሚባለው እንግዲህ ከዚህ በላይ የሚኖረው ነው። በሚንሸራተትበት ጊዜ ውኃ የሚነካው የሆዱ ትንሽ ክፍል ብቻ ነው፤ ፍጥነቱም አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ተማሪው ሁሉ የሚመኘው ሃይድሮፕሌን የሚባለውን ነው። ከፊት ግራና ቀኝ ሁለት ተንሳፋፊ፣ ከኋላ ፕሮፔለሩ፤ በሦስት ነጥብ ብቻ ውኃ ይነካል። በፍጥነት ማንም አይደርስበትም። ግን ከሥሩ የሚገባው አየር እንደ አውሮፕላን ክንፍ ያነሳዋል፤ አፍንጫው ከልኩ በላይ ቀና ካለ ማንም አይመልሰውም። ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1967 በእንግሊዝ ኮኒስተን ሐይቅ ላይ "ብሉበርድ" የተባለችውን ጀልባውን ይዞ የሞተው እንዲህ አፍንጫዋ ተነስቶ ወደ ኋላ ስትገለበጥ ነው። አውስትራሊያዊው ኬን ዋርቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በሰዓት 511 ኪ.ሜ. አስመዝግቦ እስከ ዛሬ አልተሰበረም። ጀልባዋን የሠራት ከቤቱ ጓሮ ነው፤ ሞተሩንም ከአየር ኃይል የተወገደ የጄት ሞተር በጨረታ ገዝቶ ነው። ይህን ስሰማ እኔም ልቤ ይነሳል፤ አልዋሽም። ነገር ግን ዋርቢ የሮጠው እንደ መስታወት በረጋ የግድብ ውኃ ላይ ነው። እኛ የረጋ ውኃ የምናገኘው ጠዋት ጠዋት ነው፤ እሱም ጉማሬ ካላወከው።

ካታማራን፣ ሁለት ቀፎ ጎን ለጎን ተያይዞ መሐሉ መተላለፊያ ያለው ማለት ነው፣ መለስተኛ ምርጫ ይመስላል። ሰፊ ስለሆነ አይንገዳገድም፣ ሲታጠፍ ያምራል። ለጀማሪ የሚመክሩትም አሉ። ችግሩ ያ ስፋቱ ራሱ ነው። አንዴ በጀርባው ከተኛ ተገልብጦም እንደዚያው አይንገዳገድም። ተመቻችቶ ይተኛል።

በእኔ አስተያየት ለዚህ አገር ውኃ የሚሆነው ዲፕ-ቪ የሚባለው ነው። ሆዱ እንደ ቪ ፊደል የሾለ፣ ከአግድም ተለክቶ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ የሚያዘቀዝቅ ቀፎ ነው። ሞገዱን በጠፍጣፋ ሆድ ከመምታት ይልቅ እየሰነጠቀው ያልፋል። ቅርጹን በሰፊው ያሳወቀው ሬይ ሃንት የተባለ አሜሪካዊ ነው። በሱ ንድፍ የተሠራችው "ሞፒ" እ.ኤ.አ. በ1960 ከማያሚ እስከ ናሶ በተደረገው ውድድር ባሕሩ ክፉኛ እየተናወጠ ሳለ አሸነፈች። ከዚያ ወዲህ ክፉ ውኃ ላይ የሚሮጥ ጀልባ ሁሉ የዚህ ዘር ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግን እኔን ያሳመነኝ የሞገዱ ነገር ብቻ አይደለም። ዲፕ-ቪ ጠበብ ተደርጎ ከተሠራ ራሱን በራሱ እንዲያቃና ማድረግ ይቻላል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ውበቱም እዚህ ላይ ነው። በአንደኛው ጎን ከቀረው ቀፎ በግድግዳ የተለየ፣ ውኃ የሚገባበት ክፍል ይተዋል፤ ከኋላ ክፍት ነው። ጀልባው ሲሮጥ ባዶ ነው። ሲገለበጥ ውኃ ይገባበትና ያ ጎን ይሰምጣል፤ የታሸገው ሌላኛው ጎን አየር ስላለው ወደ ላይ ይገፋል፤ ጀልባው ተሽከርክሮ ይቃናል። ተነስቶ መሮጥ ሲጀምር ውኃው በኋላው ቀዳዳ ፈስሶ ያልቃል። ምንም ሞተር፣ ምንም ኤሌክትሮኒክስ የለበትም።

ከሬድዮው ጋር ሲያያዝ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ በሬድዮ የምትታዘዝ ጀልባ ሲያሳይ ሰዉ የተደነቀው በፍጥነቷ አልነበረም፤ መታዘዟ ነው ያስገረመው። እኛ ዛሬ መታዘዙን እንደ ቀላል ነገር እንወስደዋለን። አሁን የምንጠቀምባቸው የ2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞቶች ምልክት ግን ውኃ ውስጥ አይዘልቅም ማለት ይቻላል። ጀልባው ሲገለበጥ አንቴናው ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ትዕዛዝ ይቋረጣል። መቀበያው "ፌይልሴፍ" በትክክል ከተሞላለት ሞተሩን ያጠፋል። ሞተሩ ሲጠፋ ክፍሉ ውኃ ይሞላል፣ ጀልባው ይቃናል፣ አንቴናው ብቅ ይላል፣ ትዕዛዝ ይመለሳል፣ ጀልባው ወደ ቤቱ። በካታማራን ይህ ሰንሰለት ገና ከመጀመሪያው ይበጠሳል። ፌይልሴፉን መፈተሽ ደግሞ ሐይቅ ዳር ከመድረስ በፊት ነው፤ ጀልባውን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ከፕሮፔለሩ ጣትን አርቆ፣ ሪሞቱን ማጥፋት። ፕሮፔለሩ ካልቆመ ያ ጀልባ ውኃ አይንካ።

አሁን ወደ ሞተሩ። የነዳጅ ሞተር የሚወዱ ጓደኞች አሉኝ፤ ድምፁን ነው የሚወዱት። የጫሞ ውኃ ወለል ከባሕር በላይ 1,110 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በ10 በመቶ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ካርቡሬተሩም እንደገና መስተካከል አለበት። አዲስ አበባ ቢሆን ቅናሹ 20 በመቶ ይደርስ ነበርና ይህ ብቻውን አያስጥልም። የሚያስጥለው ሌላ ነው። ትናንሾቹ ሞተሮች የሚጠጡት ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት የተቀላቀለበት ልዩ ነዳጅ ነው፤ ያንን ከየት እናመጣለን? ከሁሉም በላይ የነዳጅ ሞተር ሲገለበጥ ውኃ ይጠጣል። ጀልባው ቢቃናም ሞተሩ ሞቷል፤ ከዳር ሆኖ በሪሞት የሚያስነሳው የለም። ለወፎቹና ለፓርኩ ጸጥታም ቢሆን አይመከርም። ስለዚህ ብራሽለስ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ እርጥበት ቢነካው እንኳ አይሞትም፣ የአየር መሳሳትም አያሳስበውም። ውኃ የማይወዱት የፍጥነት መቆጣጠሪያውና መቀበያው ናቸው፤ እነሱ ይታሸጉ።

ኬቪ ማለት ሞተሩ ያለ ጭነት በ1 ቮልት በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው እንጂ ጉልበት አይደለም። ይህን እያምታታን ነው ብዙ ብር የምናባክነው። ለምሳሌ 1,800 ኬቪ ሞተር ከባለ 3 ሴል፣ 11.1 ቮልት ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ጋር ያለ ጭነት በደቂቃ 20,000 ዙር ገደማ ይሰጣል። ጭነት ሲያርፍበት 80 በመቶው ይቀራል እንበል፤ 16,000። ፕሮፔለሩ 36 ሚ.ሜ. ሆኖ ፒቹ የዲያሜትሩ 1.4 እጥፍ ከሆነ በአንድ ዙር 50 ሚ.ሜ. ይራመዳል። ተባዝቶ በሰዓት 48 ኪ.ሜ. ይወጣል፤ ለመንሸራተት 20 በመቶ ሲቀነስ 39 ኪ.ሜ. አካባቢ። ከላይ ያልኩት 40 እንግዲህ በዚህ ተራ በሚባል ዕቃ ተገኘ!

"ትንሽ እንጨምር" የሚለው ሰው እዚህ ጋ ብቅ ይላል። ፕሮፔለሩን ከ36 ወደ 40 ሚ.ሜ. ብቻ ብታሳድጉ፣ ዙሩ ካልቀነሰ የሚፈለገው ጉልበት 1.7 እጥፍ ይሆናል፤ ጉልበቱ የዲያሜትር አምስተኛ ፓወር ነውና። 4 ሚ.ሜ. እኮ ናት! ባትሪውን ከ3 ወደ 4 ሴል ብታደርጉ ደግሞ በዙሩ ኩብ ያድጋል፤ ወደ 2.4 እጥፍ ይጠጋል። ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በዚያው ገመድና በዚያው መቆጣጠሪያ ነው። መሐል ሐይቅ ላይ የሚጨሰው ጀልባ ታሪኩ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። የባትሪ ጊዜም አለ። 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ 20 በመቶ መጠባበቂያ ትቶ በአማካይ 40 አምፒር ከተሳበበት 6 ደቂቃ ነው የሚቆየው። በሦስተኛው ደቂቃ ፊቱን ወደ እናንተ ያላዞረ ጀልባ በነፋስ ላይ ተመልሶ የሚመጣበትን እየበላ ነው።

ማቀዝቀዣውም እንደ ውኃው ነው። የፈጣን ጀልባ ሞተርና መቆጣጠሪያ የሚቀዘቅዙት በቀጭን ቱቦ ከሐይቁ በሚገባ ውኃ ነው። አባያ ቀላ ያለ፣ ደለል የበዛበት ውኃ ነው፤ ያ ቱቦ በጭቃ ለመደፈን ብዙ ቀን አይፈጅበትም። እምቦጭ የሚባለው አረም ጣና ላይ ያደረሰውን ሁላችንም ሰምተናል፤ አባያም ላይ ታይቷል። ስለዚህ ከተለመደው ሰፋ ያለ ቱቦ፣ መግቢያው ላይ ወንፊት፣ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላም በንጹሕ ውኃ ማጠብ። ለሞተሩ ምርጫ ያለው ትርጉም ደግሞ ይህ ነው፤ ከአቅሙ በታች የሚሠራ ትልቅ ሞተር፣ ከአቅሙ በላይ ከሚጨነቅ ትንሽ ሞተር ይሻላል፤ ቱቦው ቢደፈን እንኳ ዳር ለመድረስ ጊዜ ይሰጣል።

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርበውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ዲፕ-ቪ በተመሳሳይ ሞተር ከሃይድሮፕሌን ያነሰ ነው የሚሮጠው፤ የውኃ ክፍሉም ክብደትና ቦታ ይወስዳል፤ ውድድር ቢኖር ትሸነፋለህ። እውነት ነው። ግን የፕሮጀክት ውጤት የሚሰጠው ለአንዲት የቪዲዮ ሩጫ መሆን የለበትም ባይ ነኝ። መምህራኖቻችንን የምጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ የሪሞት ጀልባ ፕሮጀክት ሲገመገም ፍጥነቱ ይለካ፣ ነገር ግን ሆን ተብሎ ይገልበጥና በስንት ሴኮንድ እንደተቃናም ይለካ። አሥር ጊዜ ወጥቶ አሥር ጊዜ የተመለሰ ጀልባ ላይ ነገ የውኃ ናሙና መቅጃ ወይም የጥልቀት መለኪያ ማሰር ይቻላል፤ የውኃና የመስኖ ክፍል ጓደኞቻችን ከደለሉ ጋር የሚታገሉበት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ በተከፈተ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ይህንን ሳናስብ መቅረት የለብንም።

በነገራችን ላይ ይህን ነገር ከኛ በፊት ያወቁት ሐይቁ ላይ የሚኖሩት ናቸው። የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ሐይቅ ዳር ከሚበቅለው፣ እንደ ቡሽ ከሚቀለው እንጨት እያሰሩ የሚሠሩት ታንኳ ፍጥነት የለውም፤ ግን ቢገለበጥም አይሰጥምም። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ እንደዚያው ነው። የኛን ቀፎም ፎም ብንሞላው ከዚህ የተለየ ነገር አላደረግንም፤ ውኃ ቢገባ እንኳ ተንሳፎ እንዲቆይ ነው።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። ቀፎውን ከቀጭን ኮምፔርሳቶና ከኢፖክሲ እዚሁ መሥራት ይቻላል፤ ከውጭ የሚመጣው ሞተር፣ መቆጣጠሪያ፣ ሻፍትና ሬድዮ ነው። ሞተሩን ከማዘዛችን በፊት ባዶውን ቀፎ የታሰበውን ክብደት ጭነን፣ የክብደቱን ማዕከል ከኋላው ጫፍ 30 በመቶ ገደማ ላይ አድርገን (ለ60 ሳ.ሜ. 18 ሳ.ሜ. መሆኑ ነው)፣ አዞ በሌለበት የታጠረ የውኃ ማጠራቀሚያ ላይ በገመድና በስፕሪንግ ሚዛን እንጎትተው። ስንት ኪሎ እንደሚስብ ካወቅን የሚያስፈልገው ሞተር ከወረቀቱ ላይ ራሱ ይወጣል። በዚያው ቀን በእጃችን ገልብጠን ሰዓት እንያዝ። ካታማራኑ ይሻላል የሚል ካለ ካታማራኑን ይዞ ይምጣ፤ ሚዛኑን እኔ አመጣለሁ።